የቆዳ ካንሰር ታካሚዎቻችን ናሙናዎች እንዳይወገዱ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለሆስፒታላችን የሥራ አመራር ቦርድ ሰብሳቢና ለቦርዱ አባላት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የቆዳ ዕጢ ብሎኮች እንዲወገዱና የፕሮቲን ማቅለሚያ ምርመራ እንዲቋረጥ የተላለፈው ውሳኔ እንዲታረም ስለመጠየቅ

ክቡራን የቦርዱ ሰብሳቢና አባላት፣

የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን፣ ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኘው ሆስፒታላችን በፓቶሎጂ ላቦራቶሪና በቆዳ ሕክምና ክፍል የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። በአስተዳደሩ በኩል የደረሰን የቦርዱ ውሳኔ በአንድ ገጽ ሦስት ነገሮችን ያዝዛል። ከሁለት ዓመት በላይ የቆዩ የፓራፊን ብሎኮች ተወግደው ክፍሉ ለፋይናንስ ሰነዶች ማስቀመጫ እንዲሆን፣ ለአንቲቦዲ (የሚፈለገውን ፕሮቲን ለይቶ በመያዝ በቀለም እንዲታይ ለሚያደርገው ንጥረ ነገር) እና ለማቅለሚያ ኪት የተያዘው በጀት ወደ ሌላ የወጪ ርዕስ እንዲዛወር፣ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ የሚላኩ ናሙናዎችም እንደ እስከ ዛሬው በታካሚው ቤተሰብ እጅ እንዲጓጓዙ ይላል። ለሁለቱ የተሰጠው ምክንያት ምርምር የሆስፒታሉ ተቀዳሚ ሥራ አይደለም የሚል ሲሆን፣ ለሦስተኛው ምክንያት አልተሰጠም። ቅሬታችንን በክፍል ኃላፊዎቻችን በኩል በጽሑፍ አቅርበን መልስ ስላላገኘንና የማስወገጃው ጊዜ እየተቃረበ ስለመጣ፣ ጉዳዩ በቀጥታ የሚነካቸው ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸውም እንዲያውቁት በግልጽ ለመጻፍ ተገደናል።

በመጀመሪያ የሚወገደው ነገር ምን እንደሆነ እናስረዳ። ብሎክ ማለት ከታካሚው አካል ተቆርጦ ሥጋ እንዳይበሰብስ በሚያደርገው በፎርማሊን ከቆየ በኋላ በፓራፊን ሰም ውስጥ የተቀበረ፣ በመዳፍ የሚያዝ የሥጋ ቁራጭ ነው። ከእሱ ላይ 4 ማይክሮሜትር ያህል የሳሳ ቅርፊት እየተገፈፈ በስላይድ ላይ ይደረግና ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። መብራት አይፈልግም፤ ማቀዝቀዣ አይፈልግም። ፓራፊን የሚቀልጠው ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በመሆኑ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ባለች ቀዝቃዛ ከተማ ውስጥ ደረቅ መደርደሪያና አይጥ የማይገባበት በር ከተገኘለት ለብዙ ዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል። የአሜሪካ ፓቶሎጂስቶች ኮሌጅ ላቦራቶሪዎች ብሎኮችን ቢያንስ ለ10 ዓመት እንዲያቆዩ የሚጠይቀው ያለ ነገር አይደለም። ሐኪሙ ነገ የሚያነሣውን ጥያቄ የሚመልስለት ይኸው ቁራጭ ብቻ ስለሆነ ነው።

ይህ ነገ የሚነሣ ጥያቄ በቆዳ ካንሰር ላይ ምን ይመስላል ቢባል፣ ትልቁ ጥያቄ ካንሰሩ ባለበት ይቆማል ወይስ ወደ ሥር ወርዶ ይሰራጫል የሚለው ነው። የቆዳችን ሴሎች በየዕለቱ ይሞታሉ፤ መሞታቸውም ለጤናችን ነው። ፀሐይ ዲኤንኤያቸውን ከጥገና በላይ የጎዳባቸው ሴሎች ወደ ካንሰር ከመለወጣቸው በፊት ራሳቸውን በሥርዓት ያጠፋሉ። ይህን ሥርዓት ያለው የሴል ሞት ኬር፣ ዋይሊና ከሪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1972 አፖፕቶሲስ ብለው ሰየሙት፤ ጂኖቹ እንዴት እንደሚመሩት በጥቃቅን ትሎች ላይ የተደረገው ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2002 ለብሬነር፣ ለሆርቪትስና ለሰልስተን የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። ሞቱን የሚያዝዙም የሚከለክሉም ፕሮቲኖች ናቸው። ፒ-53 የዲኤንኤውን ጉዳት ተከትሎ ትእዛዙን ይሰጣል፤ ባክስ የሴሉ ኃይል ማመንጫ የሆነውን የሚቶኮንድሪያን ሽፋን ይበሳል፤ ከዚያ የሚፈሰው ሳይቶክሮም ሲ ከአፓፍ-1 ጋር ተጣምሮ ካስፔዝ የሚባሉትን ኤንዛይሞች ያነቃል፤ በመጨረሻም ካስፔዝ-3 ሴሉን ከውስጥ ይቆራርጠዋል። በተቃራኒው ቢሲኤል-2ና ዘመዶቹ ኤምሲኤል-1 እና ቢሲኤል-ኤክስኤል ሚቶኮንድሪያው እንዳይበሳ ይከላከላሉ፤ ሰርቫይቪንም ሴሉ እንዳይሞት ከማገዙ በላይ በሴል መከፋፈል ውስጥ ድርሻ አለው።

ካንሰሩ እየገፋ በሄደ ቁጥር ይህ ሥርዓት በየደረጃው ይፈርሳል፤ የፈረሰበት ቦታም በብሎኩ ውስጥ ይነበባል። ፀሐይ ደጋግሞ በመታው ቆዳ ላይ የፒ-53 ጂን የተበላሸባቸው ሴሎች ዕጢው ገና ለዓይን ሳይታይ ይገኛሉ። ሰርቫይቪን ለቆዳ ቀለም በሚሰጠው ጤናማ ሴል (ሜላኖሳይት) ላይ ሳይታይ፣ ከዚሁ ሴል በሚነሣው ካንሰር (ሜላኖማ) ላይ ይታያል። አፓፍ-1 በተሰራጨ ሜላኖማ ውስጥ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ እንደሚገኝ እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ ሆኗል። ከዕለት ሥራችን ጋር በቀጥታ የሚገናኝም አለ፤ ቢሲኤል-2 ከላይኛው ቆዳ ሥር ካሉት ሴሎች በሚነሣው ካንሰር፣ በቤዛል ሴል ካርሲኖማ ውስጥ ዕጢውን ሙሉ በሙሉ ሲያቀልም፣ እሱን በሚመስለው ክፉ ያልሆነ የፀጉር ሥር ዕጢ ላይ ግን ብዙውን ጊዜ በጠርዙ ብቻ ይታያል። ይህ ልዩነት በአፍንጫው ላይ ትንሽ እብጠት ይዞ የመጣ ሰው ሰፊ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገው እንደሆነና እንዳልሆነ ለመወሰን ስለሚረዳ ምርምር ብቻ ሊባል አይችልም።

ሳይንሱ ከሚለው በላይ እንዳናጋንን ግን እንጠነቀቃለን። ሜላኖማ በስንተኛ ደረጃ ላይ እንዳለ የሚለየው ዛሬም በእነዚህ ፕሮቲኖች አይደለም። ብሬስሎ የተባለው ፓቶሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳየው መንገድ የዕጢው ውፍረት በሚሊሜትር ይለካል፤ 1፣ 2 እና 4 ሚሊሜትር ወሳኝ ድንበሮች ናቸው፤ ዕጢው መቁሰሉና ወደ ንፍፊት መድረሱም ይታያል። ከፕሮቲኖቹም አንዳንዶቹ ለብቻቸው ሲነበቡ ያሳስታሉ። ቢሲኤል-2 ጤናማው ሜላኖሳይት ራሱ በብዛት የሚይዘው ፕሮቲን በመሆኑና ካንሰሩ ሲገፋ ቀንሶ ያገኙት ጥናቶች በመኖራቸው፣ በሜላኖማ ላይ ቢሲኤል-2 በዝቷልና ካንሰሩ ክፉ ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም። ስለዚህም ነው ከሌሎቹ ጋር አብሮ፣ የመጀመሪያው ዕጢ በኋላ ከተሰራጨው ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ በራሳችን ታካሚዎች ላይ መነበብ ያለበት።

በራሳችን ታካሚዎች ላይ ያልነው ሆን ብለን ነው፤ የደብዳቤያችን ዋና ቁም ነገርም ይኸው ነው። ስለ እነዚህ ጠቋሚዎች የተጻፈው አብዛኛው ነገር ቆዳቸው ነጭ በሆነ ሕዝቦች ላይ፣ ፀሐይ በምታመጣው ሜላኖማ ላይ የተሠራ ነው። እኛ ዘንድ ሜላኖማ በአብዛኛው የሚመጣው ፀሐይ በማያየው ቦታ፣ በውስጥ እግር፣ በተረከዝና በጥፍር ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ያረፈውን ቦብ ማርሌን ለሞት ያበቃው በእግሩ ጣት የጀመረው ሜላኖማ ከዚሁ ወገን ነበር። ይህ ዓይነቱ ሜላኖማ በፀሐይ ከሚመጣው የተለየ የጂን ለውጥ ያለው ሲሆን፣ በሌላው ዓይነት ላይ በብዛት የሚታየው ቢራፍ የተባለው ጂን ለውጥ በዚህኛው ላይ ያነሰ ነው። ከእሱ ሌላ የምናያቸው፣ ከላይኛው ቆዳ ሴሎች የሚነሡት ስኳመስ ሴል ካርሲኖማዎችም በአብዛኛው ሁለት ምንጭ አላቸው፤ አንደኛው በደጋው ብርቱ ፀሐይ ሥር የሚውሉ፣ አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ፊት፣ ጆሮና አንገት ነው፤ ሁለተኛው የቆየ የእሳት ቃጠሎ ጠባሳና ለዓመታት ሳይድን የኖረ የእግር ቁስል ነው፤ ከዚህም መካከል በሥጋ ደዌ ምክንያት ስሜት ያጣ እግር ላይ የሚወጣው ይገኝበታል። እንግዲህ በእነዚህ ዕጢዎች ውስጥ ሰርቫይቪን ምን ይነግረናል፣ አፓፍ-1 መቼ ይጠፋል ለሚሉት ጥያቄዎች መልሱ የሚገኘው ለሰነድ ቦታ ይለቀቅ በተባለው ክፍል ውስጥ ነው። ይህን መጣል የዘር እህልን ለአንድ ቀን እራት ከመፍጨት አይለይም።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ውሳኔው በመረጠው የሁለት ዓመት ገደብ ላይ ነው። አንዲት እናት ከሰንዳፋ አቅጣጫ ተረከዛቸው ላይ የወጣ ጥቁር ምልክት ይዘው መጡ። እሾህ ወግቷቸው የቀረ መስሏቸው ለረጅም ጊዜ ቅቤ ሲቀቡት ኖረዋል። ናሙናው ተወስዶ ሜላኖማ መሆኑ ታወቀ፤ ነገር ግን ቁራጩ በሰያፍ ስለተቀበረ በመጀመሪያው ስላይድ ላይ ውፍረቱን መለካት አልተቻለም። ብሎኩ ስለነበረን ቀልጦ በቀናው አቅጣጫ እንደገና ተቀበረና ውፍረቱ ተለካ፤ የቀዶ ሕክምናው ስፋትም በእሱ ተወሰነ። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ በብሽሽታቸው ላይ ንፍፊት ወጣ። ፓቶሎጂስቱ ይህ የዚያው ካንሰር ልጅ ነው ወይስ ሌላ ብሎ ሲጠይቅ የቀድሞው ብሎክ ከመደርደሪያው ወርዶ ከአዲሱ ጋር አብሮ ተቀለመ። ሜላኖማ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ከ10 ዓመት በኋላም የሚመለስ በሽታ ነው። አዲሱ ውሳኔ ያን ጊዜ ቢሆን ኖሮ ብሎካቸው ልክ በተፈለገበት ሰሞን ተቃጥሎ ይገኝ ነበር። የተቀመጠው ገደብ ከበሽታው ባሕርይ ጋር ተመካክሮ የተቀመጠ አይደለም።

በዚህ ላይ የሚጨመር አንድ ነገር አለ። ብሎኩ የታካሚው አካል ቁራጭ ነው። ከሚወገዱት መካከል ዛሬም ለክትትል የሚመጡ ሰዎች ናሙና አለ፤ አንዳቸውም አልተጠየቁም፤ እንዲነገራቸውም አልታሰበም።

ሁለተኛው ቅሬታችን ናሙና በቤተሰብ እጅ ስለመጓጓዙ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበንም ይኸው ነው። አልቢኒዝም ያለበት፣ በመንገድ ዳር ሸቀጥ የሚሸጥ ወጣት ከጆሮው ላይ የተቆረጠው ናሙና ፎርማሊን በሌለበት ሃይላንድ ውስጥ፣ በግሉኮስ ውኃ ተዘፍቆ ለወንድሙ ተሰጠው። ወንድሙ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ሥራውን ትቶ መሄድ ስላልቻለ ናሙናው ቤት ውስጥ አደረ፤ ሰነበተም። ሲደርስ በስብሷል። ሥጋው በራሱ ጊዜ ሲበሰብስ በካንሰር ሕክምና የምንፈልገውን ሥርዓት ያለውን የሴል ሞት ከተራ መበስበስ መለየት አይቻልም፤ የካስፔዝ-3 ማቅለሚያም ቢሆን በእንዲህ ያለ ሥጋ ላይ የሚታመን ንባብ አይሰጥም። ወጣቱ ለሁለተኛ ጊዜ ተቆረጠ። በመካከሉ ባለፈው ጊዜ ዕጢው ወደ ጆሮው አጥንት መሰል ክፍል ገብቶ ተገኘ። ትክክለኛው አሠራር ውድ አይደለም። ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ የሚሆን፣ 10 በመቶ ፎርማሊን የያዘ፣ ስምና የካርድ ቁጥር የተጻፈበት ክዳን ያለው ዕቃ ያስፈልጋል፤ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት የሚሄድ የሆስፒታሉ መኪናም ይበቃል። በሌላ በኩል ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ለሳምንታት ሲረሳም ፕሮቲኖቹ ተሸፋፍነው አንቲቦዲው ሊያገኛቸው ያዳግተዋል፤ ስለዚህ ቀኑ መመዝገብ አለበት። ከሱሉልታም ሆነ ከሰበታ፣ ከዱከምም ሆነ ከኮዬ ፈጬ የሚመጣ አስታማሚ፣ የታክሲ ገንዘቡን ተበድሮ የወንድሙን ሥጋ በፌስታል ይዞ ከተማ ለከተማ እንዲዞር ማድረግ በየትኛውም መመዘኛ የሕክምና አገልግሎት ሊባል አይገባውም።

ሦስተኛው ቅሬታችን የማቅለሚያው በጀት መዛወሩ ነው። ምርመራውን ውጭ ልካችሁ ማሠራት ትችላላችሁ ተብለናል። ልከን አይተነዋል። ከውስጥ እግር የተወሰደ እጅግ የጠቆረ ሜላኖማ ውጭ ተቀልሞ፣ ሁሉም ፕሮቲን በብዛት እንዳለበት የሚገልጽ ውጤት ይዞ ተመለሰ። ስላይዱን ራሳችን ስንመለከተው ቡናማ ሆኖ የታየው አብዛኛው ነገር የዕጢው የራሱ ሜላኒን ነበር። የተለመደው ማቅለሚያ ቡናማ ስለሆነ ከሜላኒን ጋር ይምታታል። በእንዲህ ያለ ዕጢ ላይ ወይ ሜላኒኑ አስቀድሞ መንጣት አለበት፣ ወይ ቀይ ቀለም የሚሰጥ ማቅለሚያ መጠቀም ያስፈልጋል፤ አንቲቦዲ ያልተደረገበት ስላይድም ለማነጻጸሪያ አብሮ ሊነበብ ይገባል። የላቦራቶሪያችን ባለሙያዎች ይህን አሠራር የለመዱት በየቀኑ ጥቁር ዕጢ ስለሚያዩ ነው፤ ልምዱ ደግሞ ሥራው ሲቆም አብሮ ይጠፋል።

ስለ ማቀዝቀዣውም እዚሁ ላይ እናንሣ። አንቲቦዲ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። የኛ ማቀዝቀዣ ከጄኔሬተሩ መስመር ጋር ስላልተገናኘ፣ በአንድ የዕረፍት ቀናት የመብራት መጥፋት ምክንያት የነበረን በሙሉ ተበላሸ፤ ለቢሲኤል-2 መቆጣጠሪያ የምንጠቀምበት የቶንሲል ስላይድ እንኳ ሳይቀለም ቀረ። የአስተዳደሩ ቢሮዎች መስመር ግን ተገናኝቷል።

ምርምር የሆስፒታሉ ተቀዳሚ ሥራ አይደለም ለሚለው ምክንያት የከተማችን ዳርቻ ራሱ መልስ አለው። በዘነበወርቅ እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት ሲቋቋም፣ በ1970 ደግሞ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም በአጠገቡ ሲመሠረት፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበትና በሽታው የሚጠናበት ቦታ ጎን ለጎን እንዲሆን ተደርጓል። ሰው ሁሉ የሸሸውን የቆዳ በሽታ አገራችን ያወቀችው ታካሚውንና ማይክሮስኮፑን ሳትለያይ ነው። እኛ ያን ያህል ተቋም አልጠየቅንም። ያለንን መደርደሪያ አትውሰዱብን ነው የምንለው።

የገንዘብ እጥረት መኖሩን እንረዳለን፤ የቅድሚያ ቅደም ተከተሉንም ራሳችን ለመዘርዘር ዝግጁ ነን። ሜላኖማን ለመለየት የግድ የሚያስፈልጉት የኤስ-100ና የሜላን-ኤ ማቅለሚያዎች ይቅደሙ፤ ቀጥሎ ፒ-53ና ቢሲኤል-2 ይምጡ፤ ሰርቫይቪንና ካስፔዝ-3 በጀት በተገኘ ጊዜ ሊጨመሩ ይችላሉ። ማቅለሚያው ለአንድ ዓመት ባይገዛ እንኳ ብሎኩ ካለ በሚቀጥለው ዓመት ይቀለማል። ብሎኩ ከተቃጠለ ግን የትኛውም በጀት አይመልሰውም። ስለዚህም ነው ከሦስቱ ትእዛዞች መካከል የመጀመሪያው ዛሬውኑ እንዲቆም የምንለምነው።

በመሆኑም ክቡር ቦርዱ፦

የማስወገድ ትእዛዙን ወዲያውኑ እንዲያግድና የቆዳ ዕጢ ብሎኮችና ስላይዶች ቢያንስ ለ10 ዓመት እንዲቀመጡ በጽሑፍ እንዲወስን፤ ክፍሉ የግድ ከተፈለገም ብሎኮቹ ተቆጥረውና ተመዝግበው ደረቅ ወደሆነ ሌላ ክፍል እንዲዛወሩ፣

ናሙና በሆስፒታሉ ተሽከርካሪና ኃላፊነት፣ በፎርማሊንና በተመዘገበ ዕቃ ብቻ እንዲጓጓዝ፤ በቤተሰብ እጅ መላክም ከዛሬ ጀምሮ እንዲቀር፣

የላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ ከጄኔሬተሩ መስመር ጋር እንዲገናኝ፣

የማቅለሚያው በጀት ከላይ ባቀረብነው ቅደም ተከተል መሠረት እንደገና እንዲታይና ውሳኔው ከመጽደቁ በፊት ከላቦራቶሪውና ከቆዳ ሕክምና ክፍሉ አንዳንድ ተወካይ ቀርቦ እንዲያስረዳ፣

ብሎካቸው እስካሁን የተወገደባቸው ታካሚዎች ካሉ ዝርዝራቸው ለሐኪሞቻቸው እንዲሰጥና ለታካሚዎቹም እንዲነገራቸው በአክብሮት እንጠይቃለን። የማስወገጃው ቀን ከመድረሱ በፊት በጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር፣

የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ አስተባባሪ ቴክኖሎጂስት
በላቦራቶሪውና በቆዳ ሕክምና ክፍሉ ባለሙያዎች ስም

ግልባጭ፦
ለሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር
ለቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ